የእማ ኡሜ ሁለት መቃብር

የእማ ኡሜን መሞት ለገበየሁ የነገረው ሰው የለም። ለሌላ ሰው ሲነገር ነው የሰማው።

ጎህ እንደቀደደ ደጅ ወጥቶ ፊቱን ሲታጠብ ከገደሉ አናት የላይ ሰፈር ለፋፊ ድምፅ ወረደ። "የላይ ሾላ ቅሬ፣ ስማ! እማ ኡምኩልሱም ወደ አኼራ ሄደዋል! ቀብሩ ከዙህር በፊት ነው! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!" ጭጋጉ ሸለቆውን ሞልቶት ስለነበር ለፋፊው አይታይም። ገበየሁ በእፍኙ የያዘው ውሃ በጣቶቹ መሃል እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ቀረ።

ባለቤቱ አልታዬም ከበሩ ሆና ሰምታለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

"እኛን አልጠሩንም" አለች።

"አልጠሩንም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው? ዛሬ መኪና አለብህ።"

እውነቷን ነው፣ መኪና አለበት። ገበየሁ የወረዳው ምክር ቤት አባል ነው። ነገ ጠዋት መካነ ሰላም ላይ ጉባኤው ሲቀመጥ ሾላ ግንድ የምትባለውን ይቺን ቀበሌ ላይና ታች አድርጎ ለሁለት የመክፈሉ ጉዳይ ይቀርባል። አቅራቢው ራሱ ገበየሁ ነው። አቅራቢው ካልተገኘ ጉዳዩ አይታይም፤ ለከርሞ ይተላለፋል። ወደ መካነ ሰላም የሚወጣው አይሱዙ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልፋል፤ እሱ ካመለጠ እስከ ገበያ ቀን ሌላ የለም።

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ነገር ይሠራል" አለና ከጎተራው ሥር ዶማውን አወጣ።

"ዶማ ደግሞ ለምን? እነሱ ቆፋሪ መች አጡ?"

"የእማ ኡሜ ቆፋሪ እኔ ነኝ" አላት። አልታዬ ነገሩን ታውቀዋለች። የምትወስደውን ዳቦ ልታቦካ ገባች።

ነገሩ የተጀመረው በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምህረት፣ ግንቦት ላይ ነው። ጦሩ ተበትኖ አስር አለቃ ገበየሁና ወታደር ሱሌማን ከሰሜን በእግራቸው መጡ። ከአንድ መንደር ወጥተው በአንድ ቀን የተመለመሉ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ያደሩ፣ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው የሚጎስመው ጓዶች ነበሩ። ሾላ ግንድ ሲደርሱ መጀመሪያ ያገኙት ላይ ሰፈር ያለውን የሱሌማንን እናት ቤት ነው። እማ ኡሜ አላለቀሱም። ሁለቱን ከእግር እስከ ራስ አዩና "አውልቁ" አሉ።

"ምኑን፣ እማ?"

"የለበሳችሁትን ነዋ! አዲሶቹ ከተማው ገብተዋል ይባላል።"

ልብሱን፣ ቀበቶውን፣ ኮዳውን ሰብስበው ከጓሮ ካለው ግራዋ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩና ቀበሩት። ልጆቹ እንርዳ ቢሉ "እናንተ ቁሙ፣ መቆም እንኳ አቅቷችኋል" ብለው ከለከሉ። ሱሌማን ውሃ ሊጠጣ ወደ ቤት ሲገባ አፈሩን በእግራቸው እየደመደሙ ወደ ገበየሁ ዞሩ። "ዛሬ የእናንተን ዕቃ እኔ ቀበርኩ። እኔን ደግሞ አንተ ትቀብረኛለህ። ሱሌማን ልጄ ነው፣ ያለቅሳል። የሚያለቅስ ሰው ቀጥ ያለ ጉድጓድ አይወጣለትም። ከሰውዬዬ ጎን አድርገኝ።"

ከዚያ የሟች ባላቸውን ሁለት ሽርጥ አወጡና አንዳንድ ሰጧቸው። ገበየሁ በሽርጥ ወደ ታች ሰፈር ወረደ። እናቱ ከበራፍ ላይ ስታየው "ልጄ በሕይወት መጣልኝ" ከማለቷ በፊት "ወይኔ፣ አሰለሙብኝ!" ብላ ጮኸች። ይህ ወሬ ሾላ ግንድ ውስጥ ሠርግ በተሠረገ ቁጥር ይወራ ነበር። እማ ኡሜ ሲሰሙት ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር፤ በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው።

ያኔ ቅሬው አንድ ነበር። ሬሳ የሚያነሳው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝነው አንድ ማኅበር። እስላም ሲሞት ክርስቲያኑ ይቆፍራል፣ ክርስቲያን ሲሞት እስላሙ ይቆፍራል፤ ሐዘንተኛው ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ የሻረውም አልነበረም። ሰላምታውም ረጅም ነበር። ከልጅ ተጀምሮ እስከ ላም፣ ከላም እስከ ዶሮ ይጠየቃል፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ከኋላ የሚመጣው ሁለቱን ዞሮ ነው የሚያልፍ።

መለያየቱን ያመጣው ሃይማኖት አልነበረም። ጤና ኬላ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ከታች ሰፈር የአለምነውን ሚስት በዛችን ምጥ ያዛት። ጤና ኬላው ላይ ሰፈር፣ ገደሉ አናት ነው። በቃሬዛ ሲያወጧት ዳገቱ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። አጋማሽ ላይ፣ የሱሌማን የገብስ ማሳ ዳር፣ ቃሬዛው ዝም አለ። ገበየሁ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር። እማ ኡሜ ከላይ ወርደው ደርሰው የበዛችን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በገዛ ሻሻቸው አገጯን አሰሩላት።

ገበየሁ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጤና ኬላው ወደ መሃል ይውረድ አለ። መሃል ያለው ደልዳላ መሬት የሱሌማን ማሳ ብቻ ነው። ሱሌማን አልሰጥም አለ። ላይ ሰፈር ሱሌማንን ደገፈ፣ ታች ሰፈር ገበየሁን። እንግዲያው ቀበሌው ይከፈል፣ ታች ሰፈር የራሱን ጤና ኬላ ያግኝ ብሎ ገበየሁ ሐሳቡን አመጣ። ስብሰባው ከትልቁ ሾላ ሥር ሲደረግ ሱሌማን ተነሣ።

"የተከበሩ ገበየሁ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀበሌው ሲከፈል ጅቡም ይከፈላል? የላይ ጅብ የታች አህያ ቢበላ ክሱ ለየትኛው ሊቀ መንበር ነው?"

ሰው አወካ። ገበየሁም አልቀረም፦ "ጅቡን ተወው። ያንተን ምላስ ለሁለት ብንሰነጥቀው ግን ለሁለቱም ቀበሌ ይተርፋል።"

ያን ቀን የተሳቀው የመጨረሻው የጋራ ሳቅ ሆነ። ምክር ቤቱ ገና ሳይወስን ሰው በራሱ ወሰነ፤ ቅሬው ተከፈለ፣ ድንኳኑና ድስቱ እኩል ተከፋፈለ፣ ሰላምታውም አጠረ። "ደህና?" "ደህና።" ዶሮን የሚጠይቅ ጠፋ።

አለምነው የታች ቅሬ ዳኛ ነው። ገበየሁ ዶማ ተሸክሞ ደጁ ሲደርስ እሱም ለፋፊውን ሰምቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ሳንጠራ ከሄድን ውርደት ነው" አለው።

"ለአንተ ነው ውርደቱ ወይስ ለቅሬው?"

"ለሁለታችንም። ደግሞ ነገ እኮ ጉባኤ ነው። ዛሬ ተለማምጠህ ነገ ምን አፍ ይኖርሃል?"

ገበየሁ ዶማውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። "አለምነው፣ ነገ እከራከራለሁ። ዛሬ ደግሞ እቆፍራለሁ። ወታደር ቤት ሁለቱንም አንድ ቀን ሠርተናል። አንተ ቅር፣ አልቀየምህም።"

ገበየሁ ጥቂት እርምጃ እንደ ራቀ ከኋላው የአካፋ ድምፅ ሰማ። "ሻሻቸውን አልመለስኩላቸውም" አለ አለምነው እየደረሰበት። መንገድ ላይ ሌሎች የታች ሰፈር ጎልማሶችም ዶማና አካፋ ይዘው ተከተሉ፤ ማንም ማንንም አልጠራም።

የሾላ ግንድ እስላሞች የሚቀበሩበት ቦታ በሁለቱ ሰፈሮች መሃል ያለ ጉብታ ነው፤ መሃሉን ጥድ ይጋርደዋል። ገበየሁ የእማ ኡሜን ባል መቃብር ያለ ችግር አገኘው፤ በልጅነቱ አባቱ ሲቆፍር ውሃ አቀብሎ ነበር። ከጎኑ ምልክት አደረገና ቁመቱን በገዛ ክንዱ ለካ። አለምነው ገርሞት "ሬሳውን ሳናይ?" ቢለው "አውቀዋለሁ" ብቻ አለው። አፈሩ ርጥብ ነበር። ወደ ቂብላ አቅጣጫውን አስተካክለው፣ ከውስጥ በጎን በኩል ማረፊያውን ፈልፍለው፣ አፉን አሳምረው ሲጨርሱ ገበየሁ ወገቡን ይዞ ቀና አለ። ዕድሜው ተሰማው፤ ደስም አለው።

ከላይ የ"ላኢላሃ ኢለላህ" ድምፅ መጣ። ጀናዛው ከጭጋጉ ወጣ። ገበየሁና ሰዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ጀናዛው ግን ወደ እነሱ አልመጣም። ጥዱን ዞሮ ወደ ማዶ ዘለቀ።

"ወዴት ነው?" አለ አለምነው።

ተከትለው ዞሩ። ከጥዱ ማዶ አዲስ የተቆለለ አፈር አለ። ከአፈሩ አጠገብ የላይ ሰፈር ወጣቶች ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል። ሌላ መቃብር። ታች ሰፈር አይመጣም ብለው፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ ከጎህ ጀምረው ቆፍረዋል።

ሱሌማን የቃሬዛውን ፊተኛ እግር እንደ ያዘ የገበየሁን ጭቃማ እጅ አየ።

"ምን ሠርተህ ነው?"

"መቃብር።"

"የማን?"

"የማን ይሆናል?"

ቃሬዛው ቀስ ብሎ ሣር ላይ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሼህ ሀቢቡላህን አየ። ሼሁ የሁለቱንም ሰፈር ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ናቸው።

"ሱብሐነላህ" አሉ። "በሰባ ዓመቴ ጀናዛ በዝቶ ጉድጓድ ሲያንስ አይቻለሁ። ጉድጓድ በዝቶ ሲገኝ ዛሬ ነው።"

"እኛ በዘንግ ለክተን ነው የቆፈርነው" አለ ሱሌማን። "ሬሳዋን ለክተን። አንተ በምን ለካህ?"

ገበየሁ ቀኝ ክንዱን ከፍ አድርጎ ብብቱን አሳየው። "እዚህ ነበሩ። ስንሰነባበት ጊዜ ራሳቸው እዚህ ነበር የሚያርፈው።"

ሱሌማን መለኪያ ዘንጉን ይዞ ጥዱን ዞረ፤ ሰው ተከተለው። ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ዘንጉን አጋደመ። ልክ ነበር። ከዚያ ቀና ሲል ጎኑ ያለውን ያረጀ የድንጋይ ክምር አየ፤ አባቱ ሲቀበሩ ሕፃን ነበርና ቦታውን አያውቀውም። እጁን ጫነበት።

"አባቴ ነው?"

"እሳቸው ናቸው። ከሰውዬዬ ጎን አድርገኝ ብለውኝ ነበር።"

"ለእኔ አልነገረችኝም።"

"አንተ ታለቅሳለህ ብለው ነው።"

ሱሌማን ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ፊቱን ወደ አፈሩ አዞረ። ሲወጣ እጁን የዘረጋለት ገበየሁ ነበር፤ ያዘውና ወጣ።

እማ ኡሜ ከባላቸው ጎን ተቀበሩ። ሶላቱ ሲሰገድ ክርስቲያኖቹ ከጥዱ ሥር ቆሙ። አፈሩ ሲመለስ ግን የማን አካፋ የማን እንደሆነ አልተለየም። የሱሌማን ልጅ ባሲማ ሪያድ ሆና በስልክ ታይ ነበር፤ አንድ ዘመድ ስልኩን ወዲያና ወዲህ ያዞርላታል። ስታለቅስ ቆይታ "አባ፣ እዚያ ያለው ጋሽ ገበየሁ አይደል? ታረቃችሁ?" አለች።

"ዝም ብለሽ ዱዓ አድርጊ" አላት ሱሌማን።

"እሺ። ያኛው ጉድጓድ ግን የማን ነው?"

አሁን ነው ነገሩ ሁሉም ላይ የወደቀው። ባዶው መቃብር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

"አፈሩን መልሱት፣ አለቀ" አሉ ሼህ ሀቢቡላህ። "በሸሪዓ ምንም ነገር የለበትም።"

"ሼሁ፣ አንቱ ሸሪዓውን ያውቃሉ፣ ጉድጓዱን ግን እኛ እናውቀዋለን" አለ ውበቱ፤ ከታች ሰፈር ዕድሜ የጠገበ ቆፋሪ ነው። "የተቆፈረ መቃብር ባዶውን አይደፈንም። ይጣራል።"

"ማንን ነው የሚጣራው?"

"ቅርብ የቆመውን።"

ከጉድጓዱ አፍ ዳር የነበሩት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከላይ ሰፈርም፣ ከታች ሰፈርም። ሼሁ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ያ አላህ! በምርጫ ያልተስማማ ሕዝብ በፍርሃት ተስማማ!"

"ለእኔ ይቆይ" አለ ሱሌማን። "እንጨት አልብሱት።"

"አንተን ማን ያስቀድምሃል? ማዕረግ አለ" አለ ገበየሁ።

"አስር አለቃ፣ አንተማ እዚህ ብትገባ ቄሱ ሊያወጡህ ይመጣሉ።"

ሳቅ ተሰማ፤ ሳቂው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ወዲያው ሌላውም ተከተለ። ገበየሁ ግን ሌላ ነገር እያሰበ ነበር።

"ሱሌ" አለ። እንዲህ ብሎ ከጠራው ቆይቷል። "ግራዋው አለ?"

የሱሌማን ፊት ተለወጠ። "ተቆርጦ ሁለት ጊዜ አቆጥቁጧል። ሥሩ ግን አለ።"

ሁለቱ ዶማ ይዘው ወደ እማ ኡሜ ጓሮ ወጡ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ ሙሾ እያወጡ ነው፤ የአልታዬም ድምፅ ከመሃላቸው ይሰማ ነበር። ሱሌማን ቆፈረ፣ ገበየሁ አፈሩን ጠረገ፤ ሲደክመው ተለዋወጡ። ጨርቁ አልቋል። ሥሩ በሁለት የቀበቶ ዘለበቶች መሃል አልፎ አንድ ላይ አስሯቸው ነበር። አንድ ኮዳ፣ ጎኑ የተበሳ። ጥቂት ቁልፎች።

"ኮዳው የኔ ነው" አለ ሱሌማን።

"ያንተን እኮ በበግ ለውጠህ በላኸው።"

"እና በጉን ብቻዬን በላሁት?"

ገበየሁ ዘለበቶቹን ከሥሩ ሊያላቅቅ ሲል ሱሌማን እጁን ያዘው። "ተው። ከነሥሩ ቁረጠው።"

ሥሩን ቆርጠው ሁሉንም በሽርጥ ጠቅልለው ወረዱ። ውበቱ ጥቅሉን ገልጦ አየና "ይበቃዋል" ብሎ ፈረደ። ሼሁ ደግሞ "ለዚህ እንኳ ፋቲሓ የለኝም" አሉ፤ ሆኖም እጃቸውን ከፍ አድርገው አገሩን መረቁ፣ የሁለቱም ሰፈር ሰው አሚን አለ። ጥቅሉ ገባና ጉድጓዱ ተደፈነ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ለቅሶ ቤት ወጣ። ሱሌማንና ገበየሁ ከግድግዳው ሥር አጎዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አለምነው ከፊታቸው ነበር። ሱሌማን ወደ ገበየሁ ዞረ።

"ማሳዬን ከለከልከኝ ትላለህ።"

"አልከለከልከኝም?"

"ኮሚቴ ነው የከለከልኩት። አራት ሰው፣ ከረባት ያሰረ ሁሉ አለበት። 'ለልማት ይፈለጋል' አሉኝ። ማን ላካችሁ ብላቸው 'የተከበሩ ገበየሁ' አሉ። በአንድ ብርድ ልብስ ያደርን ሰዎች ነን። በራፌን አታውቀውም? ሽማግሌ እንኳ የለህም? ለልጄ ብትመጣ ሽማግሌ ትልካለህ፤ ለመሬቴ ኮሚቴ።"

"ሥርዓቱ እንደዚያ ነው" ሊል አፉን ከፍቶ ገበየሁ ተወው። በምክር ቤት የተማረው ንግግር ሁሉ እዚህ አጎዛ ላይ አልሠራም አለው። እጁን ለይቅርታ ወደ ሱሌማን ጉልበት ሰደደ።

"አፉ በለኝ፣ ሱሌ።"

"አፉ ብያለሁ። ግን አሁን አትጠይቀኝ። እናቴን ዛሬ ቀብሬ ዛሬ መሬት አልሰጥም፤ ሰው ምን ይላል? ሦስቱ ቀን ይለፍ፤ ከሼሁና ከውበቱ ጋር ና፣ በራፌ ላይ ቁም፣ አስለምነኝ።"

"ብለምንህስ?"

"መጀመሪያ እምቢ እላለሁ። ወግ ነው።"

አለምነው ቀና ብሎ ሁለቱንም አየ። ሱሌማንም አየው፣ ቶሎ ግን ዓይኑን መለሰ። "የበዛች ነገር ከማሳዬ ዳር አልወጣም" አለ በለሆሳስ። "በዚያ በኩል ሳርስ በሬዎቹን ዝም ብዬ ነው የማዞረው።"

ያኔ ከታች፣ ከመንገዱ፣ የአይሱዙው ጥሩምባ ተሰማ። ሹፌሩ ገበየሁ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ደጋግሞ ነፋ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማው። ነገ ጉባኤ ነው፤ አቅራቢው ካልተገኘ ጉዳዩ ለከርሞ ነው። ገበየሁ በሦስት ቀን ውስጥ ሱሌማን ሐሳቡን ሊለውጥ እንደሚችል አሰበ። ላይ ሰፈር ሊያስቀይረው ይችላል። ያኔ በእጁ ምንም አይኖርም፤ ለታች ሰፈር የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ጥሩምባው እንደገና ተነፋ።

"መኪናህ ነው" አለ ሱሌማን፤ ሳያየው።

"ሰምቻለሁ" አለ ገበየሁ። አልተነሣም።

የተነሣው አለምነው ነበር። ጫማውን ከበሩ ላይ አጠለቀ። ገበየሁ አዝኖበት የሚወጣ መስሎት "የት ነው?" አለው።

"ለሹፌሩ ሂድ ልበለው" አለ አለምነው። "በከንቱ ነዳጅ ይፈጃል።"

ወጣ። ዳገቱን ሲወርድ የእርምጃው ድምፅ ተሰማ። ሱሌማን ንፍሮውን ወደ ገበየሁ አስጠጋና እንደ ድሮው፣ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ይጠይቅ እንደነበረው፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።

"ልጆቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"አልታዬ?"

"ደህና ነች።"

"ቀዩ በሬ?"

"ሸጥኩት።"

"ዶሮዎቹስ?"